ግመሏና ኪፓ፦ የአማዞንን ዋጋ ከጎንደር ሆኜ የምጠብቅባቸው ሁለት ድረ ገጾች

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት አነሳለሁ፤ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ከውጭ የሚገባውን ዘመድ አዝማድ ፋሲል ግንብ ፊት አሰልፌ አነሳለሁ። ሥራው ዕቃ በላ ነው። ሚሞሪ ይሞታል፣ የካሜራ ባትሪ ያብጣል፣ ፍላሽ ይቃጠላል፣ ሃርድ ዲስክ የሰው ሰርግ እንደያዘ ጭጭ ይላል። ከእነዚህ ጎንደር ላይ የሚገኘው ጥቂቱ ነው፤ የተገኘውም ዋጋው እንደ ገዢው አለባበስ ነው። ስለዚህ ግማሹን አዲስ አበባ አስጠይቃለሁ። ግማሹን ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምንላት፣ ከአማዞን ገዝታ ይዛልኝ ትመጣለች ወይም በሚመጣ ሰው ትልካለች።

አሁን የምጽፈው ስለ አማዞን አይደለም። «መቼ ግዥልኝ ልበላት?» የሚለውን ጥያቄ ስለሚመልሱልኝ ሁለት ድረ ገጾች ነው፤ ካሜልካሜልካሜልና ኪፓ። የመጀመሪያዋ ስሟ ለአፍ ስለሚረዝም እኛ ቤት ግመሏ ነው የምትባለው። ሁለቱም በነጻ ይሠራሉ፤ ሁለቱም የሚከታተሉት አማዞንን ብቻ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ለጀማሪ ግመሏ ትበቃለች። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ለሚውል ሰው ኪፓ ይሻላል። ብዙ ሰው «ሲቀንስ የሚነግርህ ነገር» እያለ ነው የሚያወራላቸው፤ እኔን የጠቀመኝ ግን ከማሳወቂያው ይልቅ የዋጋ ታሪኩን የሚያሳየው ግራፍ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርጌ ላሳይ። አምና ብላክ ፍራይዴ የሚሉት የአሜሪካኖች ትልቅ የቅናሽ ቀን ሲቃረብ 128 ጊጋ ሚሞሪ እፈልግ ነበር፤ ፈጣኑን፣ ቪዲዮ የሚችለውን። አማዞን ላይ 34.99 ዶላር በመስመር ተሰርዟል፤ ከአጠገቡ በቀይ ስንት በመቶ እንደቀነሰ ተጽፏል፤ ዋጋው 21.99 ነው። እንዲህ ሲያዩት አሥራ ሦስት ዶላር ተረፈ ያሰኛል። ሊንኩን ኮፒ አድርጌ ግመሏ መፈለጊያ ላይ ለጠፍኩት። የወጣው ግራፍ ላይ መስመሩ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር በ22 እና በ24 ዶላር መካከል ተጋድሟል። ኦክቶበር ላይ ቀጥ ብሎ ወደ 35 ይወጣል። እዚያ ጥቂት ሳምንት ይቆይና እንደገና ቀጥ ብሎ 21.99 ላይ ያርፋል። ታላቁ ቅናሽ ይኸው ነው። ውሸት ነው አልልም፤ መቀነሱን ቀንሷል። የቀነሰው ግን በቅርቡ ከተሰቀለበት ላይ ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ ከነበረበት አይደለም። የእኔ ትርፍ አንድ ዶላር ምናምን ሆነ ማለት ነው። ያም አይጠላም፤ ግን ለአንድ ዶላር ብሎ ስድስት ሚሞሪ የሚያዝ ሰው የለም። ሁለት አስገዛሁ።

አውሮፓውያን ለዚህ ነገር ሕግ አውጥተውለታል። ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች «ቀንሷል» ብሎ የሚለጥፍ ነጋዴ፣ ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ ማሳየት አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። እታለም የምትገዛው ግን ከአሜሪካው አማዞን ስለሆነ ያንን ሥራ ግመሏ ትሠራልኛለች።

ግራፉን ማንበብ አይከብድም፤ ቀለሞቹን መለየት ግን ግድ ነው። ግመሏ ላይ አረንጓዴው አማዞን ራሱ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። ሰማያዊው አማዞን ላይ ሱቅ የከፈቱ ሌሎች ነጋዴዎች አዲስ ዕቃ የሚሸጡበት፣ ቀዩ ደግሞ ያገለገለ የሚሸጡበት ነው። ብዙ ሰው ከሦስቱ ዝቅ ያለውን አይቶ «በዚህ ግዥልኝ» ይላል። ለመጽሐፍ ወይም ለካሜራ ቦርሳ ከሆነ ግድ የለም። ለሚሞሪ ግን እኔ ከአረንጓዴው መስመር አልወጣም። ምክንያቱም አስመስለው የሠሩት ሚሞሪ ላዩ ላይ 128 ይጻፍበት እንጂ ውስጡ 16 ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩም 128 ብሎ ያነበዋል። ፋይሉ እየገባ ይመስላል፤ ከሞላ በኋላ የሚገባው ግን የትም አይገኝም። ካህኑ ቃል ኪዳን ሲያስገቡ ያለው በደንብ ተቀርጾ፣ ኬክ ቆረጣው ባዶ ሆኖ ሲወጣ ለሙሽራዋ እናት ምን ይባላል? ስለዚህ ዕቃው እታለም ቤት እንደደረሰ የሥራ ባልደረባዋ ልጅ ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ያነብልናል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ። አማዞን አብዛኛውን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ጎንደር ከገባ በኋላ ግን ማን ይመልሰዋል? ፍተሻው እዚያው ሻንጣው ሳይዘጋ ነው።

የማሳወቂያውን ዋጋ ስንት ልበል የሚለው ላይ ሰዎች ስግብግብ ይሆናሉ። ግመሏ ከግራፉ ሥር እስከ ዛሬ ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና አማካዩን በሠንጠረዥ ታስቀምጣለች። ዓይን ወዲያው ዝቅተኛው ላይ ይሄዳል። ያ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ብቅ ብሎ የጠፋ ነው፤ ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የነበረ። እሱን የጻፈ ሰው ማሳወቂያ ሲጠብቅ ያረጃል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የግራፉን ጊዜ ወደ አንድ ዓመት አጠበዋለሁ፤ ከዚያ መስመሩ በዓመቱ ውስጥ ደጋግሞ የነካውን ወለል እፈልጋለሁ። አንዴ ብቻ ከነካው አልቆጥረውም። ሦስት አራት ጊዜ ከነካው አምስተኛም ይነካል ብዬ፣ ከወለሉ አንድ ሁለት ዶላር ከፍ አድርጌ እጽፋለሁ። ከፍ የማደርገው ዋጋው ከወለሉ በትንሽ ሳንቲም ላይ ቆሞ ማሳወቂያው ሳይላክ እንዳይቀር ነው።

ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም፤ ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ ግራፍ በማየት ብዛት ነው የገባኝ። የታወቀ ካሜራ ኩባንያ ሌንስ ዋጋው ደረጃ ነው የሚመስለው። ወራት ሙሉ አይነቃነቅም፤ ከዚያ አምራቹ ራሱ ቅናሽ ሲያውጅ በአንድ ቀን አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ጊዜው ሲያልቅ በአንድ ቀን ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በየቀኑ እየከፈቱ ማየት ድካም ብቻ ነው፤ ማሳወቂያ አስቀምጦ መርሳት ነው። ሃርድ ዲስክ በተቃራኒው ይወዛወዛል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ይጠቀምበታል። የካሜራ ባትሪ፣ ኦሪጅናል ያልሆነው፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ ልዩነቱ ግን ከቡና ዋጋ ስለማያልፍ አልከታተለውም። በአጠቃላይ ከ30 ዶላር በታች ያለውን በብዛት ካልገዛሁ በቀር አንድ ጊዜ ግራፉን አይቼ «አልተሰቀለም» ካልኩ ይበቃኛል። የሚያዋጣው ሌንስ፣ ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክና ጥሩ ማይክ ላይ ነው።

ወደ ሻንጣው ልምጣ፤ ለጎንደር ሰው ግማሹ ጉዳይ እሱ ነውና። አሜሪካ ያለ ሰው ዋጋ ሲወርድ ገዝቶ በሁለት ቀን በሩ ላይ ያገኘዋል። እኛ ዘንድ የዋጋው ቀንና የሻንጣው ቀን መገናኘት አለባቸው። ደግነቱ የእኛ ከተማ የሰው መምጫ ከእነሱ የቅናሽ ወቅት ጋር ይገጥማል። ብላክ ፍራይዴ በኖቬምበር መጨረሻ ነው፤ የእኛ ኅዳር አጋማሽ። ከዚያ የፈረንጅ ገና ይከተላል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ስለዚህ አዘዞ ኤርፖርት ላይ ሻንጣው የሚጎርፈው ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ዕቃው ሲደርስ ሥራ ይጠብቀዋል። አማዞን በፈረንጆቹ 2015 የጀመረው ፕራይም ዴይ የሚባለው ሌላው ትልቅ ቅናሽ አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ ላይ ነው፤ የእኛ ሐምሌ። ያን ጊዜ ለክረምት የሚመጣ ሰው ካልተገኘ በቀር አይመቸኝም። ደግሞም የፕራይም አባልነት ለከፈለ ሰው ብቻ ነው።

ሻንጣው የእኔ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከአሜሪካ ሲመጣ የሚፈቀደው ሁለት ሃያ ሦስት ኪሎ ነው እንበል፤ ከዚያ ላይ የእናታችን የደም ግፊት መለኪያ አለ፣ የአክስታችን ልጅ ሕፃን ልብስ አለ፣ ለጎረቤት ቫይታሚን አለ፣ «ለእኔስ ጫማ» የሚል ወንድም አለ። እታለም በኪሎ ነው የምታስበው። «ሌንሱ ስንት ይመዝናል?» ብላ ሳትጠይቅ ዋጋውን አትሰማም። ለባትሪና ለፓወር ባንክ ሌላ ሕግ አለ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪም ሆነ ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ ነው። አቅሙ እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ባለ 20,000 ሚሊ አምፒሩ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ችግር የለውም። ዋጋው ወረደ ብሎ ትልቁን ከማዘዝ በፊት ይህን ማስላት ነው።

የሰዓቱ ልዩነት ሌላ ራስ ምታት ነበር። በክረምታቸው ሜሪላንድ ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ማሳወቂያው ለእኔ ጠዋት ሲደርሰኝ እታለም ገና እኩለ ሌሊት ላይ ናት፤ ስትነሳ ሥራ ትገባለች፤ ስትወጣ ዋጋው ተመልሷል። መፍትሔው ማሳወቂያውን ለእሷም በቀጥታ ማስላክ ሆነ። ግመሏ ብዙ ምዝገባ አትጠይቅም፤ የምትፈልጊውን ዋጋና ኢሜይል ማስገባት በቂ ነው። የእታለምን ኢሜይል አስገባሁ። በሳምንቱ ደወለች።

«አንቺ፣ ይኼ ግመል ምን በድዬው ነው ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ?»

«እታለም፣ ሃርድ ዲስኩ ወርዶ ነው።»

«እሱስ ይውረድ። የማላውቀው ትሪፖድስ? የማላውቀው መብራትስ?»

ያየሁትን ሁሉ በእሷ ስም እየመዘገብኩ ስለነበር ተደራደርን። አሁን በእሷ ኢሜይል የሚገባው ከመቶ ዶላር በላይ የሆነውና ያለቀለት ብቻ ነው። የቀረው ለእኔ ይመጣል፤ እኔ መርጬ እልክላታለሁ። ስልክላት ደግሞ ረጅሙን ሊንክ አልክም። አማዞን ላይ እያንዳንዱ ዕቃ አሥር ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ኮድ አለው፤ አብዛኛው በ«ቢ ዜሮ» ይጀምራል፣ ከገጹ ግርጌ ዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ያንን ኮድ ብቻ ቴሌግራም ላይ እልካለሁ፤ እሷ መፈለጊያው ላይ ስትጽፈው ያው ዕቃ ይወጣል። የ64 እና የ128 ጊጋው ስም አንድ ሆኖ ኮዳቸው ይለያያል፤ «እኔ ያዘዝኩት ይኼን አይደለም» የሚል ጭቅጭቅ በዚህ ቀርቷል።

ኪፓ እዚህ ላይ ነው ግመሏን የሚበልጣት። ጀርመን ነው የተሠራው፤ ማሳወቂያውን በኢሜይል ብቻ ሳይሆን በቴሌግራምም ይልካል። እኛ አገር ኢሜይል በየሰዓቱ የሚከፍት ማን አለ? ቴሌግራም ግን ሙሽራ እያነሳሁ እንኳ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል። አካውንት ከፍቶ ከቴሌግራም ጋር ማገናኘት አንዴ ያስቸግራል፤ ከዚያ በኋላ አይጠይቅም። ኮምፒውተር ላይ ኤክስቴንሽኑ፣ ማለትም እንደ ክሮም ባለው ድረ ገጽ መክፈቻ ላይ የሚጨመረው ትንሽ ፕሮግራም፣ ከተጫነ ደግሞ ግራፉ እዚያው አማዞን ገጽ ውስጥ፣ ከዕቃው ፎቶ ሥር ይመጣል፤ ሊንክ መገልበጥ የለም። ግመሏም የራሷ ኤክስቴንሽን አላት፤ ግን ለማየት አንድ ጠቅታ ይፈልጋል።

የኪፓ ግራፍ ግን ዓይን ያደክማል። ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ሌላም መስመር፤ በጎን የሚበራና የሚጠፋ ዝርዝር። ሻጮችም ስለሚጠቀሙበት ለእኛ ምንም የማይረባ መረጃ ሞልቶበታል፤ ከፊሉ በወርኃዊ ክፍያ ነው የሚከፈተው። ለእኛ ዓይነቱ ገዢ መክፈል አያስፈልገውም። በስልክ ከሆነ ግመሏ ትመረጣለች፤ በክሮም የተከፈተ አንድ ገጽ፣ አንድ ግራፍ፣ ዳታም ብዙ አትበላም። ነጻ ሆነው ከየት ይበላሉ ለሚል፣ ግመሏ ላይ ያለውን ሊንክ ተጭኖ አማዞን ላይ የገዛ ሰው ካለ ከአማዞን ኮሚሽን ይከፈላታል። የገዢው ዋጋ በዚህ አይጨምርም።

አንድ ነገር ማንኛውም ማሳወቂያ አይችለውም። ከነሐሴ 2015 አካባቢ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ኪፓም ቴሌግራምም ለእኔ አንድ ነበሩ። የእታለም ኢሜይል ብቻ ነው የሠራው። እሷ አይታ ትደውላለች፣ እኔ «ግዥ» ወይም «ተዪው» እላለሁ። ዛሬም ለትልልቁ ዕቃ ሁለት ቦታ የማስመዘግበው ለዚህ ነው።

አሁን የዋጋ መከታተያ የማያሳየውን ልዘርዝር፤ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ። መጀመሪያ ታክስ። ሜሪላንድ ላይ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፤ ግራፉ ላይ 200 ዶላር ያለው ሲከፈል 212 ነው። ቀጥሎ ኩፖን። አማዞን አንዳንዴ ከዋጋው ሥር ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን ያስቀምጣል፤ እሷን ምልክት ሲያደርጉባት ሲከፈል ተጨማሪ ይቀነሳል። ግመሏ ግራፍ ላይ ያ ቅናሽ የለም። ስለዚህ ግራፉ «አልወረደም» ባለበት ቀን ዕቃው በኩፖን ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ከመተው በፊት ገጹን ከፍቶ ማየት ነው።

ከዚያ ቮልቴጅ። ከፎቶ ቤቴ ዝቅ ብሎ ጁስ ቤት ያላቸው እትዬ ግራፉን ሲያዩ በጣም ወደዱት።

«ልጄ፣ ያንቺ ግመል ለእኔም አንድ ጠንካራ ብሌንደር ትጠብቅልኝ።»

«እትዬ፣ ብሌንደሩ የሚሠራው በአሜሪካ መብራት ነው። 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ቢሰኩት ጭስ ነው የሚያወጣው።»

«ትራንስፎርመር ቢገዛለትስ?»

ለብሌንደር የሚበቃ ትራንስፎርመር ዋጋውም ክብደቱም ቅናሹን ይውጠዋል። የላፕቶፕ፣ የስልክና አብዛኛው የካሜራ ቻርጀር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አለ፣ ሻጩ በሚለጥፈው ፎቶ ላይም አጉልቶ ማንበብ ይቻላል። ለእትዬ ያገኘሁት መላ የጀርመኑን አማዞን ማየት ነበር። ጀርመን 230 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም ከእኛ ጋር ይገጥማል፤ ግመሏም ኪፓም የጀርመኑን አማዞን ይከታተላሉ። ፍራንክፈርት የአጎት ልጅ አላቸው። እዚያ የሚታየው ዋጋ ታክሱን ጨምሮ ነው፤ ስለዚህ ከአሜሪካው ጋር ሲያወዳድሩ መጀመሪያ ሲያዩት ከሚመስለው ልዩነቱ ይጠባል። ብሌንደሩ መጣ፤ አቮካዶ እየፈጨ ነው።

ትልቁ ግን ብር ነው። መከታተያው ዶላር እንጂ ብር አያውቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋዜማው ላይ ባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ስሌቱን ስሩት። መቶ ዶላር የነበረ ማይክ ሐምሌ ላይ 5,700 ብር ነበር። ብላክ ፍራይዴን ጠብቄ በ20 በመቶ ቅናሽ በ80 ዶላር ባገኘው 9,600 ብር ነው። ግራፉ ላይ መስመሩ ወርዷል፤ በእኔ ኪስ ግን ዋጋው በሁለት ሦስተኛ ገደማ ጨምሯል። ያን ዓመት የጠበቀ ከሰረ፣ ያልጠበቀ አተረፈ። ከዚያ ወዲህ ቴሌግራም ላይ ለራሴ በምጽፈው መዝገብ ከዶላሩ ጎን የዕለቱን የባንክ ምንዛሪ አስፍራለሁ። ምንዛሪው በፍጥነት በሚንቀሳቀስባቸው ወራት ለሥራ የግድ የሚያስፈልገኝን ዕቃ ለአሥር በመቶ ቅናሽ ብዬ አላቆየውም። እታለም በዶላር የከፈለችውን የምንተሳሰበው እኔ እዚህ ለእናታችን በማወጣው ብር ስለሆነ እሷም በዕለቱ ምንዛሪ ስሌት ላይ ዓይኗን አትጨፍንም።

ሻንጣ የሚያመጣለት ለሌለው ሰው ይህ ሁሉ ምን ይረባል? በቀጥታ ብዙም አይረባም፤ ግን የአማዞኑን ዋጋ አውቆ አዲስ አበባ መደወል አንድ ነገር ነው። ሻጩ «ይኼ እኮ አማዞን ላይ ራሱ ሁለት መቶ ነው» ሲል መቶ ሃምሳ ላይ ዓመት ሙሉ እንደተጋደመ የሚያውቅ ገዢ በቀላሉ አይደነግጥም።

የአገር ውስጡን ዋጋ ደግሞ ቴሌግራም ራሱ ይመዘግበዋል፤ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዕቃ የሚሸጡት ቻናሎች ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትን እዘላቸዋለሁ። ዋጋውን ያልጻፈ ሰው ለእያንዳንዱ የተለየ ዋጋ ሊሰጥ ያሰበ ነው። ዋጋ የሚጽፉትን ቻናሎች ግን ከፍቼ መፈለጊያው ላይ የዕቃውን ሞዴል እጽፋለሁ። ባለፉት ወራት የለጠፉት ሁሉ ከነቀኑ ይዘረዘራል፤ ግንቦት ስንት ነበር፣ ጳጉሜን ስንት ሆነ፣ አሁን ስንት ነው። ፖስቱ ላይ የመታረም ምልክት ካለ የድሮው ዋጋ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህም መላ አለው። የምፈልገውን ዕቃ ፖስት ያየሁ ቀን ወደ ራሴ ሴቭድ ሜሴጅ ፎርዋርድ አደርገዋለሁ። እሱ ዋናውን ቢያርመው የእኔው ቅጂ ባለበት ይቀራል። ፎርዋርድ የከለከለ ቻናል ከሆነ ስክሪንሾት ነው።

አንዱን ሻጭ የስቱዲዮ መብራት ስጠይቀው «እህቴ፣ ዶላር ጨምሮ ነው፣ በመጣበት ነው የምሰጥሽ» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የለጠፈውን መልሼ ላክሁለት። በመሃል ምንዛሪው እንዳልተነቃነቀ እሱም ያውቃል።

«እሺ፣ በድሮው ውሰጂው። የአውቶቡስ ጭነት ግን በአንቺ።»

ጭነቱን ቻልኩ። ቀብድ ግን አልላክሁም፤ መብራቱ ጎንደር መናኸሪያ ደርሶ፣ ተከፍቶ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲበራ ነው በቴሌብር የከፈልኩት።